ካርታው ሐሙስን አያውቅም

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። የተወለድኩትም የምኖረውም ወልድያ ነው፤ የማስተምረው ግን ሐብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ ብዙም በማይርቅ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በየማለዳው ከመናኸሪያ ሚኒባስ እይዝና ሲሪንቃን አልፌ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ውስጥ እገኛለሁ። መንገዱ ላይ በቀኝ መስኮት ተራራው ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል፤ በግራ ደግሞ ሜዳው ወደ አፋር እያዘቀዘቀ ይሄዳል። ይህን መሬት ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላ በኩል ቆላ የሆነው ለምን እንደሆነ ግን ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ተማሪዎቼ እንደኔ እንዳይሆኑ ፈለግኩ። ከአለቃዬ ጋር ያጣላኝም ይኸው ነው።

የዐሥራ አንደኛ ክፍል መጽሐፍ ስለ ምድር ቅርፊት የሚያወራ ክፍል አለው። የምድር ገጽ በትልልቅ ሰሌዳዎች እንደተከፋፈለ፣ ሰሌዳዎቹ እጅግ በዝግታ እንደሚጓዙ፣ መሬት የሚንቀጠቀጠውም በአብዛኛው እነሱ በሚጋጩበትና በሚለያዩበት ድንበር ላይ እንደሆነ ያስረዳል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሰሌዳዎቹን «ፕሌት» ይላቸዋል። ልጆቹ ቃሉን የሚያውቁት ከምግብ ቤት ነው። አንድ ቀን ደብተር ሳርም ብዙዎቹ «ሳህን» ብለው ተርጉመውት አገኘሁ። አንደኛው እንዲያውም ትልቅ ሳህን ስሎ ከሥሩ «የአፍሪካ ሳህን ተሰነጠቀ» ብሎ ጽፏል። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቆይቶ ግን አሳፈረኝ። ያንን ትምህርት ለስንት ዓመት በጠመኔ ስዬ አስተምሬ፣ ፈትኜ፣ ውጤት ሰጥቼ አልፌያለሁ። ስንቱ ልጅ ሳህን ብቻ ይዞ እንደወጣ አላውቅም።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሁሉንም በአማርኛ እንደገና ጀመርኩት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከውርጌሳ የመጣች ናት፤ መርሳ ዘመድ ቤት እያደረች ትማራለች። ያሳደጓት አያቷ ማሽላና ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ብዙ የምታወራ ልጅ አይደለችም፤ አንድ ጥያቄ ከያዘች ግን አትለቅም።

«ቲቸር፣ እኛ የትኛው ሰሌዳ ላይ ነን?» አለችኝ።

መጽሐፉ ላይ ያለው ካርታ ከመዳፍ አይበልጥም። ኢትዮጵያ ጥፍር ታህላለች፤ መርሳ የለችም። በጣቴ ብጠቁም ጣቴ ራሱ ግማሽ አገር ይሸፍናል። «አፍሪካ ላይ» ብዬ ልገላገል ስል፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ተራራ እያሳየች ይኼስ ከየት መጣ ብላ ቀጠለች። መልሱን አውቀዋለሁ፤ የማሳይበት ነገር ግን አልነበረኝም። የኮምፒውተር ክፍላችን በጦርነቱ ጊዜ ባዶውን ቀርቷል። ግድግዳው ላይ የነበረው የዓለም ካርታም አብሮ ሄዷል።

ስልክ ግን አለ። ድንበሮቹን በመስመር፣ የመሬት መንቀጥቀጦችን በነጥብ የሚያሳዩ ካርታዎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንደሚገኙ አውቃለሁ። ችግሩ ተማሪ ስልክ ይዞ ግቢ መግባቱ ክልክል መሆኑ ነው። ደንቡን ካስከበሩት አንዷ እኔ ነበርኩ፤ የስንቱን ልጅ ስልክ ቀምቼ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እናም ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄጄ ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ለኔ ክፍለ ጊዜ ብቻ እንዲፈቅዱልኝ ጠየቅኩ። አልተቆጡም። ልጆቹ ስልክ ከያዙ አህጉር ሳይሆን ሌላ ሌላውን እንደሚያዩ፣ አንዴ የተከፈተ በር ደግሞ ለመዝጋት እንደሚያስቸግር በእርጋታ አስረዱኝና በመጽሐፉ እንድሠራ መከሩኝ።

አልፈቀዱልኝም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። ክፍሌ ገብቼ ስልክ ያለው ነገ ይዞ እንዲመጣ ነገርኩ። ልጆቹ ወጥመድ የዘረጋሁባቸው መስሏቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ።

በማግስቱ ከስልሳ ተማሪ ዐሥራ አንድ ስልክ ተገኘ፤ ግማሹ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው። ኔትወርክ የሚይዘው ከመማሪያ ክፍሎቹ ብሎክ ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ካለችው ዋንዛ አጠገብ ብቻ ስለነበር ክፍሉን በሙሉ ወደዚያ ወሰድኩት። ከኔ ስልክ ኢንተርኔት አከፋፈልኳቸው። ካርታው ወዲያው አይመጣም፤ አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን እየሆነ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየጀመረ ነው የሚከፈተው። በየስልኩ ዙሪያ አምስት ስድስት ራስ ተደራርቧል። መጀመሪያ ያደረጉት ሁሉም አንድ ነገር ነው፦ የራሳቸውን ቤት ፈለጉ። አልከለከልኳቸውም። ቤታቸውን ካገኙ በኋላ ጣታቸውን ሰብሰብ እያደረጉ ካርታውን እንዲያርቁት ነገርኳቸው። መርሳ ወደ ነጥብ ተለወጠች፤ ሐብሩ ጠፋ፤ ወሎ አነሰ፤ ቀይ ባሕር ብቅ አለ። ያን ጊዜ የመንቀጥቀጦቹን ነጥቦች አስከፈትኳቸው።

ነጥቦቹ እንደዘሩት እህል የተበተኑ አልነበሩም። በቀይ ባሕር መሐል አንድ መስመር ይወርዳል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ሌላ መስመር ይመጣል። ሦስተኛው ከደቡብ፣ የስምጥ ሸለቆን ሐይቆች ተከትሎ ይወጣል። ሦስቱ የሚገናኙት አፋር ላይ ነው። ያቺ ልጅ ከአፋር ወደ ምዕራብ በጣቷ ስባ ስባ ቀና አለችና ተራራውን አየች። «ጠርዙ ላይ ነን» አለች። ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ናት ያየችው። ምሥራቁ እየተለየና ዝቅ እያለ ሲሄድ ተራራው ከፍ እንዳለ የቀረ ጠርዝ እንደሆነ፣ የመርሳና የውርጌሳ ሰው ማሽላ የሚዘራው እዚያው ጠርዝ ሥር እንደሆነ ነገርኳቸው። ፍጥነቱን ሲጠይቁኝ በዓመት የአንድ ማሽላ ፍሬ ያህል ብዬ መለስኩ። አንዱ ኪሱ ውስጥ ማሽላ ኖሮት አውጥቶ እያገላበጠ ያየው ጀመር።

እንዲህ ሁለት ሳምንት ያህል ሠራን። ከዚያ መሬቱ ራሱ ተንቀሳቀሰ።

አፋር በኩል መንቀጥቀጥ በዝቶ የሰነበተበት ወቅት ነበር። እኛ ጋ የሚደርሰው ደክሞ ነው፤ የመስኮት መስታወት ያንጫጫል፣ ወንበር ያወዛውዛል፣ ያልፋል። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ገደማ እያስተማርኩ ሳለ ከወትሮው ጠንከር ያለ መጣ። ልጆቹ እየተጋፉ ወደ በሩ ሮጡ። ሁሉም በደህና ወጥተው ስመለስ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ከጣሪያው እስከ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ አየሁ። ድሮም ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች። አሁን የእስክሪብቶ ክዳን ያስገባል።

ለልጆቹ አንድ ሥራ ሰጠኋቸው። የደብተር ወረቀት በቀጭኑ ቀድደን በስንጥቁ ላይ አግድም ለጠፍን፤ ቀኑንም ጻፍንበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቱ ይቀደዳል። መንቀጥቀጥ በተሰማን ቁጥር ካርታው ላይ ነጥቧን እየፈለግን የት እንደሆነች፣ ምን ያህል ጥልቀት እንዳላት እንመዘግባለን፤ ቀጥለን ወረቀቱን እናያለን። በመጀመሪያው ሳምንት ተቀደደ። ሌላ ለጠፍን፤ እሱም ተቀደደ። ሁለት ጊዜ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ባለሙያ መጥቶ እስኪያይ ድረስ ብሎኩ ውስጥ ማስተማር እንድናቆም ጠየቅኩ። መልስ አላገኘሁም። በእርግጥ ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ብሎኩ ከጦርነቱ በኋላ በስንት ልመና ነው የታደሰው። ተሰንጥቋል ብሎ ማመን ልጆቹን እንደገና ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይገባኛል። ቢሆንም ልጆቹ የሚቀመጡት ከዚያ ግድግዳ ሥር ነበር።

ክፍሌን አስወጣሁ። ወንበራችንን ተሸክመን ዋንዛዋ ሥር ተቀመጥን።

በዚያው ሰሞን የድምፅ መልእክት በስልክ መዞር ጀመረ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ አይናገርም። በሚመጣው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ወሎ ላይ ትልቁ መንቀጥቀጥ እንደሚደርስ፣ ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት አውቀው እንደደበቁት ይናገራል። መርሳ ገበያ ላይ ሌላ ወሬ ጠፋ። ነጋዴው ዕቃውን ከመደርደሪያ አወረደ። ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀረ። ያቺ ልጅም ቀረች፤ አያቷ መጥተው ወደ ውርጌሳ ወሰዷት።

ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነበር። ደንብ ጥሼ ስልክ እንዳስገባሁ፣ ከመጽሐፉ ውጭ ባለ ካርታ ኅብረተሰቡን እንዳሸበርኩ፣ ለወሬው መነሻ እንደሆንኩ ይላል። ጥፋቴን አምኜ እንድፈርም እስክሪብቶ አቀበሉኝ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ስልክ አስገብቻለሁ። ይህን ብቻ ለይተው ቢጽፉልኝ እንደምፈርም ነገርኳቸው። የቀረውን ግን አልፈርምም አልኩ። ወረቀቱ ስለ ግድግዳው አንድ ቃል አይናገርም።

«ካልፈረምሽ ነገሩ ከኔ በላይ ይሄዳል» አሉኝ።

«ይሂድ» አልኳቸው። «ሁለቱን ማመልከቻዎቼንም አያይዘው ይላኩልኝ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ታዛዥ ሠራተኛ ነኝ፤ አለቃ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ወልድያ እስክደርስ ድረስ፣ እምቢ ማለት ይህን ያህል ቀላል ቃል ከሆነ እስካሁን ለምን አላልኩትም ብዬ ራሴን ስጠይቅ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ከክፍል በወጡ አግዳሚዎች ላይ የመርሳ ነጋዴዎች፣ ከደጋ የወረዱ ገበሬዎች፣ ከውርጌሳ የመጡ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። በሼኹ ዱዓ፣ በቄሱም ጸሎት ተጀመረ። ርዕሰ መምህሩ ተነስተው ወሬው ሐሰት እንደሆነ፣ ሕንፃው ጠንካራ እንደሆነ፣ ልጆች ከነገ ጀምረው ወደየክፍላቸው እንዲመለሱ ተናገሩ። ከዚያ፣ አንዲት መምህርት በስልክ ካርታ ሳታስበው ድንጋጤ እንደፈጠረች፣ እሷም እዚሁ ቆማ ይቅርታ እንደምትጠይቅ ገለጹ። ይህን ቀደም ብለው አልነገሩኝም ነበር።

ተነሳሁ። ወሬውን በተመለከተ ርዕሰ መምህሩ ልክ እንደሆኑ፣ ስለ ካርታው ግን ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር እንደሌለኝ ተናገርኩ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ። የልጅቷ አያት ነበሩ፤ እሷም ከኋላቸው ቆማለች።

«መምህርት፣ ሐሙስ ይመጣል ወይስ አይመጣም?» አሉኝ።

አይመጣም ብል ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

«አላውቅም፣ አባቴ» አልኳቸው። «አንቱም አያውቁም። ያንን መልእክት የላከውም አያውቅም። የሚያውቅ ሰው የለም።»

ጉርምርምታ ተነሳ። አንዳንዱ መምህር ሆና አላውቅም ትላለች እያለ ሲስቅ ሰማሁ። ያን ጊዜ ልጅቷ ከአያቷ ኋላ ወጣች። ስልኳን ይዛ ጎናቸው ተንበረከከች፤ ካርታውን ከፈተች። ድምፅዋ ትንሽ ስለሆነ ሰው ለመስማት ዝም ማለት ነበረበት። እያንዳንዷ ነጥብ መሬት የተንቀጠቀጠበት ቦታ እንደሆነች አሳየቻቸው። አንዷን ነክታ ቀኑን አነበበችላቸው፤ ሌላዋን ነካች፤ አነበበች። ሁሉም ያለፈ ቀን ነው።

«አባባ፣ ይኼ ካርታ የሆነውን ብቻ ነው የሚያውቀው» አለቻቸው። «ሐሙስ የሚባል ነጥብ የለውም።»

ሽማግሌው ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «አላሁ አዕለም፣ አላህ ነው የሚያውቀው ማለት ነው እንግዲህ» አሉ፤ ወደኔም ዞረው ታዲያ ልጆቹን ከክፍል ለምን እንዳስወጣሁ ጠየቁኝ።

«ሐሙስን አላውቀውም» አልኩ። «ግድግዳውን ግን አውቀዋለሁ። ኑና እዩት።»

ርዕሰ መምህሩ ስብሰባው እንዳላለቀ ተናገሩ። ሽማግሌው ግን ተነስተው ነበር፤ እሳቸውን ተከትሎ ሌላውም ተነሳ። በጠባቡ በር ተራ በተራ እየገቡ አዩት። የተቀደዱት ወረቀቶች ከነቀናቸው ግድግዳው ላይ ነበሩ። ብዙዎቹ በድንጋይና በጭቃ ቤት የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ግድግዳ ማንም ሊያስተምራቸው አይችልም። አንዱ ግንበኛ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ለጠፈበትና ልጁን እዚህ ውስጥ እንደማያስገባ ተናገረ። ሽማግሌው ለትምህርት ቤቱ አመልክቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ፣ በጽሑፍ አልኩ። ርዕሰ መምህሩን አዩዋቸው። አልተሳደቡም። ለዳስ የሚሆን ምሰሶ ከየት እንደሚመጣ ብቻ ጠየቁ።

በማግስቱ ባሕር ዛፍ የጫነ ጋሪ ግቢው ውስጥ ቆመ። ማን ማንን እንዳስተባበረ አላውቅም። ደገኛው ምሰሶውን አመጣ፣ የመርሳ ነጋዴ ሸራውን አመጣ፣ ያ ግንበኛም ሥራውን መራ። ሐሙስ ጧት ሁለት ዳስ ተዘጋጅቶ አገኘሁት።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ዳሱ ውስጥ አስተማርኩ። ከስልሳው አርባ ያህሉ መጥተዋል፤ ያቺ ልጅም ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ካርታውን ከፍተን ነበር። የተባለው ሰዓት ደረሰና አለፈ፤ ምንም አልሆነም። ርዕሰ መምህሩ በዳሱ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉና ይኸው ምንም አልመጣም አሉኝ፤ እንደረታኝ ሰው። ግድግዳው ዛሬም እንደተሰነጠቀ ነው ብዬ መለስኩላቸው።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ መሐንዲስ መጥቶ ብሎኩን ዞሮ አየው። በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገና እንዳይገባበት ብሎ ሄደ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ያልፈረምኩት ወረቀት ማኅደሬ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ማመልከቻዎቼ ግን አልተያያዙበትም። ቅጂያቸውን ወስጄ ራሴ በመዝገብ ቤት በኩል አስገባኋቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ወልድያ ከተማ ውስጥ፣ ከቤቴ በእግር የሚደረስ ትምህርት ቤት ዝውውር እንደተገኘልኝ ተነገረኝ። ስንት መምህር የሚለምነው ነገር ነው። ለምን ሳልጠይቅ እንደተሰጠኝ ስለገባኝ አመስግኜ መለስኩት። እናቴ ለአንድ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ያቺ ልጅ አሁን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከብዙ ዘመን በኋላ አፋር ላይ ባሕር ይገባል ባልኳት ነገር አልተስማማችም፤ በየትኛው በኩል እንደሚገባ በከፍታ ካርታ አሳዪኝ ብላ ይዛኛለች።

አያቷ ባለፈው መርሳ ገበያ ውለው ሲመለሱ ትምህርት ቤቱ ጎራ አሉ። ማሳቸውን በዚያ ስልክ ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ውርጌሳን ፈለግን፤ ወንዙን ተከትለን ወጣን፤ አገኘነው። ከላይ ሲያዩት ማሳው ከጠበቁት ጠበብ ብሎባቸው ትንሽ አኮረፉ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ያለች ጥቁር ነገር አይተው ምን እንደሆነች ጠየቁኝ። አጉልቼ ዛፍ ናት አልኳቸው።

«የለችም» አሉ። «አምና ቆርጫታለሁ።»

ካርታው የድሮ ፎቶ እንደሚጠቀም፣ እስኪታደስ ጊዜ እንደሚወስድ አስረዳኋቸው። አልተቀበሉኝም። ለልጆች የሚታይ ነገር እንዲህ መሳሳት እንደሌለበት፣ ተሳስቶም ከሆነ መምህሯ ስህተቱን መናገር እንዳለባት ቆጣ ብለው ነገሩኝ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ማሳውን ከፈትኩና ዛፏ እንደሌለች ለልጆቹ ተናገርኩ። ሁሉም በየስልኩ የራሱን ሰፈር ስህተት መፈለግ ጀመረ፤ የዚያን ቀን ሌላ ምንም አላስተማርኩም።